ኤጉኖ ያስጻፈችው እሳት

ኤጉኖ ስትወለድም እሳቱ ይነድ ነበር። ከመንደሩ ጀርባ፣ ነዳጅ ዘይት ከሚወጣበት ጉድጓድ አጠገብ፣ አብሮ የሚወጣው ጋዝ ሌት ተቀን ስለሚንቦገቦግ፣ ጨለማ የሚባለው በልጅነቷ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላት ነበር። የተዳረችው በዚያ ብርሃን ነው፤ ባሏንም የቀበረችው በዚያው። አርባ ዓመት ሙሉ ካሳቫዋን ፍቃ፣ ጨምቃ፣ በሰፌድ እየዘረጋች ከነበልባሉ ፊት አደረቀች። ሙቀቱ ዓይኗን አስለቅሶ አስለቅሶ፣ ዛፉም ሰዉም ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይወዛወዝባታል። ለማገዶ ግን አንዲት ናይራ አውጥታ አታውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዲፖ የሚባል ወጣት ከአንድ የጋዝ ኩባንያ ተልኮ ከሌጎስ መጣ። ከሃያ ዓመት በኋላ ይህ መንደር ምን ያህል ነዳጅ ይፈልጋል እያለ በየቤቱ ይጠይቃል። ጎረቤቷ ኡቪዬ፣ እኛ ነዳጅ ገዝተን አናውቅም፣ ዜሮ በል አለችው፣ ኮራ ብላ። ሌሎቹም እሷን እያዩ ዜሮ አስጻፉ።

ኤጉኖም እንደነሱ ልትል ነበር። ብቻ ሰፌዷን እያዞረች፣ ይሄን ሁሉ መጠየቅ ምን አመጣው አለችው። ልጁ አልደበቃትም። እሳቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል፤ ጋዙ በቧንቧ ወደ ከተማ ይሄዳል። ቧንቧው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሆነው ብዙ እንፈልጋለን ላሉ መንደሮች የጋዝ መስመር ይገባላቸዋል፤ ዜሮ ያሉት ይታለፋሉ።

እሳት የሌለበት ሜዳ፣ የሻገተ ካሳቫ፣ አይታው የማታውቀው ጨለማ ቀስ ብሎ በዓይኗ ዞረ።

«እማማ፣ የእርስዎን ስንት ልበል?»

«አያትህ በምንድን ነው የምታበስለው?»

«በጋዝ።»

«ከየት የመጣ ጋዝ?»

ልጁ ወደ ነበልባሉ አየና ማጅራቱን አከከ።

«እንግዲያ እኔንም እንደ አያትህ ጻፈኝ። በቀን ሠላሳ ሰፌድ የሚያደርቅ ደግሞ ጨምርበት።»

«ሰፌድ እኮ መለኪያ አይደለም፣ እማማ።»

«ለኔ ነው። የተማርከው አንተ፣ አንተ ቀይረው።»

ዲፖ ሳቀና የተገለበጠ ገንዳ ላይ ተቀመጠ፤ የሰፌዱን ስፋት በስንዝር ለክቶ ማስላት ጀመረ። ይሄን የሰሙ ሴቶች አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ዜሯቸውን አሰረዙ። ኡቪዬ ከሁሉ ኋላ መጥታ፣ የኔን አምሳ ሰፌድ በል አለች።

«አንቺ ደግሞ! መቼ ነው ከሃያ በላይ ዘርግተሽ የምታውቂው?» አለቻት ኤጉኖ።

«የተጠየቅነው ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሆነውን አይደል እንዴ?»

ዲፖ አምሳ ብሎ ጻፈ።