በሰያፍ የተቆረጠ እንጨት

በምኖርባት የሰሜን አውሮፓ ከተማ፣ ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ አንድ ፓኬት ቡና ሰጡኝ። የሽያጩ ገቢ ለቡና አምራቾች ትምህርትና የሙያ ድጋፍ ይውላል። «እርስዎ የቡና አገር ሰው ነዎት፤ በሚመጣው እሑድ ለምእመናኑ ጥቂት ይናገሩልን» አሉኝ። ፓኬቱ ላይ ፎቶግራፍ አለ፤ ከጉልበት በታች የተቆረጠ የቡና ግንድ፣ ከጎኑ ለጋ ቅርንጫፍ ያቆጠቆጠ። ፓኬቱን ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በንጉሡ ዘመን ነቀምት ውስጥ የሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት። ከውጭ በመጣ ርዳታ የቡና ገበሬዎችን የሚያስተምር ፕሮጀክት ተቋቁሞ፣ አማርኛና ኦሮምኛ አጥርቶ የሚናገር ተማሪ ፈለገ። አባቴ የወንጌል አስተማሪ ስለነበረ በገጠሩ ይታወቃልና እኔ ተመረጥኩ። በምላሹ የትምህርት ቤት ወጪዬን ፕሮጀክቱ ቻለልኝ። ባለሙያው አቶ ክብረት ይባላል፤ ከሸዋ የመጣ፣ ለሥራው የሚቃጠል፣ ትሑት ወጣት። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ማስታወስ ይቀለኝ ነበር።

በጥር ወር በዲጋ በኩል ወጣን። መንገዱ አቧራ ነው፤ ላንድሮቨሩ በተንገጫገጨ ቁጥር የያዝነው ቆሎ ከወረቀቱ እየዘለለ ይፈስሳል። በየደጁ ከተሰጣው ቡና መኮምጠጥ የጀመረ ማር የሚመስል ሽታ ይመጣል። ያረፍነው ኦቦ ፊጡማ ከሚባሉ ጭሰኛ ደጅ ነው። ቡናቸው አርጅቷል፤ ግንዱ ሽበት አውጥቷል፣ ፍሬው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። አቶ ክብረት አስረዳ፤ እኔ ወደ ኦሮምኛ መለስኩ፦ ግንዱ ከጉልበት በታች ይቆረጥ፤ ውሃ አድሮበት እንዳይበሰብስ ቁርጡ ሰያፍ ይሁን፤ ሁለት ክረምት ከታገሡት አብዝቶ ያፈራል።

ባለቤታቸው አዴ ዳመቱ ቡና ቀላ አቀረቡልን። ደረቁ ፍሬ ከነገለባው፣ ጀንፈሉ እንዳለ፣ በቅቤ የሚበስል፣ ሽማግሌ መርቆ የሚቀመስ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ቡና «ይታረዳል»። ኦቦ ፊጡማ ሳቁ።

«እኛ ቡና የምናርደው ለምርቃት ነው፤ ይሄ ልጅ ደግሞ በመጋዝ ሊያርደው መጣ!»

ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡት። «ንገሪው ልጄ። ዛፉን የተከልኩ እኔ ነኝ፤ መሬቱ ግን የፊታውራሪ ነው። ሁለት ክረምት ድርሻቸውን ካላገኙ ያስወጡኛል። ያን ጊዜ ማን ይመልስልኛል?»

አንዲት ቃል ሳልሸራርፍ ተረጎምኩ። አቶ ክብረት ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «መቼም ለፊታውራሪው እንነግራቸዋለን። ከቢሮ ደብዳቤ ይጻፋል» አለ።

ኦቦ ፊጡማ እሱን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት። «እሱ እንግዳ ነው፤ ነገ ይሄዳል። አንቺ የአስተማሪው ልጅ ነሽ። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሥራዬ መተርጎም ብቻ ነበር። «እኔ አላውቅም» ማለት ይበቃ ነበር። ግን አቶ ክብረት እያየኝ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርቴ በእሱ ሪፖርት ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሽማግሌ እንደ ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ይነግሯቸዋል፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው» አልኩ።

አዴ ዳመቱ ቀና ብለው አዩኝ። መጋዙ በዚያው ከሰዓት ሥራ ጀመረ።

ክረምት ሲገባ አቶ ክብረት ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረ። ስለ ደብዳቤው ልጠይቅ አንድ ጊዜ ቢሮው ደጅ ድረስ ሄጄ ነበር። ጸሐፊው «ምን ፈለግሽ?» ሲለኝ «ምንም» ብዬ ተመለስኩ።

በኅዳር፣ ከትምህርት ቤት ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስደርስ፣ እናቴ የገዛችው እንጨት ከአህያ ላይ ይራገፋል። ወፈር ያለ፣ የደረቀ፣ እንዲያው ለማገዶ የተመረጠ። ጫፉን ሳይ ግን ቆምኩ፤ ሁሉም በሰያፍ የተቆረጠ ነው። የምታራግፈው ሴት ዞር ስትል አዴ ዳመቱ ናቸው።

«ፊታውራሪ መጡ» አሉ፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው። «‹የሰጠሁህ ቡና ነበር፤ የማየው ጉቶ ነው፤ ውጣ› አሏቸው። ከዛፋችን የቀረን ይሄው ነው።»

«ኦቦ ፊጡማስ?»

«መሬት ፍለጋ ቆላ፣ ኑኑ ቁምባ ወርደዋል። ወባ ጥሏቸዋል አሉኝ።»

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «የእንግዳውን ቃል አመጣሽልን፤ በዚያ አልቀየምሽም። ምስክሩ ግን ያንቺ ነበር። እሱን በይ ያለሽ የለም።»

እናቴ ጓዳ ነበረችና አልሰማችም። የዚያን ዕለት ወጡን የሠራችው በዚያ እንጨት ነው፤ ጭስ የለውም ብላ አመሰገነችው። እኔ አሞኛል ብዬ አልበላሁም።

ኦቦ ፊጡማ ከኑኑ ቁምባ አልተመለሱም። ጉቶዎቹ ግን አቆጠቆጡ፤ ፊታውራሪ ላመጡት ሌላ ጭሰኛ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈሩ፤ የፕሮጀክቱ ሰዎችም ከፊታቸው ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። ምክሩ ትክክል ነበር። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፤ እዚህ ድረስ ያመጣኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእግዚአብሔር ስም ምዬ አላውቅም። ጌታ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። የአዴ ዳመቱን ይቅርታ ግን ሊሰጡኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ዳግመኛም አላገኘኋቸውም።

ትናንት ለቄሱ ደወልኩ። «ፎቶግራፉ ላይ ያለው መሬት የማን ነው?» አልኳቸው።

«መቼም የገበሬዎቹ ይሆናል። እንጠይቃለን» አሉ በደግነት።

እሑድ ነገ ነው፤ እስካሁን አልደወሉም። ፓኬቱ እንደታሸገ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። መልስ ካልመጣ ምእመናኑ ፊት ቆሜ «ማን ይመልስልኛል?» የሚለውን የኦቦ ፊጡማን ጥያቄ እተረጉምላቸዋለሁ፤ ከራሴ ምንም ሳልጨምር።