ጀልባ ሠሪው ምን አለ?

ከምርጫው በኋላ በመጣው ጥር፣ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ሒሳብ እያስተማርኩ ሳለ ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፣ አንደኛው የተማሪዬ ወንድም ነው። «ለአንድ ጥያቄ ነው» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳው የጆንያና የሻጋታ ሽታ አለው። ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል መስኮት አለች። ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ። አምስቱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ስድስተኛው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ጣቶቹ በጠባሳ የተሞሉ ሽማግሌ፣ ገና ሳልቀመጥ መጠየቅ ጀመረ።

«መምህር ነህ?»

«አዎ።»

«ምንድን ነው የምታስተምረው? አገርህስ የት ነው?»

ሒሳብ መሆኑን ነገርኩት፤ አገሬን ዘለልኩት። እስር ቤት ገብቼ ባላውቅም፣ ቀድሞ የሚጠይቅን ሰው መፍራት እንደሚገባ ከሰው ሰምቻለሁ።

እሱ ግን የራሱን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ጀልባ ሠሪ ነው። የተወለደው ከዚህ ርቆ በደቡብ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ድልድይ በሌለበት የጎጀብ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ጀልባ ሠርቶ ሰው እያሻገረ ሲኖር፣ «የሚፈለጉ ሰዎችን አሻግረሃል» ተብሎ ተያዘ።

ሐይቅ በሌለበት በካፋ ምድር ጀልባ ሠሪ! እንዲህ ያለ ታሪክ ሰው ሲፈጥር እንኳ ትንሽ ያስብበታል ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ከማንኪራ የመጣ ንብ አናቢ እስረኛ ነበር፤ ምግብ ስንካፈል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ ያንን ሽማግሌ ይጠንቀቁት። በየቀኑ ይጠሩታል፣ ሻይ ያጠጡታል፣ ደህና ሆኖ ይመለሳል» አለኝ። እኔም ልብ ብዬው ነበር። እኛ ስንጠራ ደህና ሆነን አንመለስም።

በየካቲት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሽማግሌው ሲያዝ በኤግዚቢትነት የተጫነው የዋንዛ ሳንቃ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተከምሮ ነበር። አዛዡ ክረምት ሳይገባ ለጣቢያው መሻገሪያ ጀልባ እንዲሠራበት አዘዘው። ሽማግሌው አንድ ረዳት ጠየቀ፣ «መስመር አስተካክሎ ማስመር የሚችል» አለ። ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

በዚያ ቀን ከግቢው ስመለስ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ወሬ ተቋረጠ። ንብ አናቢው ፊቱን አዞረ። አሁን እኔም ሻይ ከሚጠጡት ተቆጠርኩ።

ለእስረኛ ምስማር አይሰጥም። የተፈቀደልን መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና የእንጨት መዶሻ ነበር፤ ማታ ማታ ዘበኛው እየቆጠረ ይረከበናል። ሽማግሌው ምስማር በመከልከሉ ቅር ያለው አይመስልም። «ምስማር ውሃ ውስጥ ይዝጋል። እንጨት ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያኔ ይጠብቃል» አለኝ።

የሁለት ሳንቃ ጫፍ መግጠም አስተማረኝ። ጫፎቹን በሰያፍ ትቆርጣለህ፤ የሰያፉ ርዝመት የሳንቃውን ውፍረት ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንዱን ፊት በከሰል ትቀባና ከሌላው ጋር ትጫናለህ። ስትነጥለው በሌላው ፊት ላይ የጠቆረው ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ እሱን ብቻ ትልጋለህ። እንደገና ትቀባለህ፣ ትጭናለህ፣ ትልጋለህ። የመጀመሪያዋ መጋጠሚያዬ ሦስት ቀን ፈጀች። አንሥቶ ወደ ፀሐይ አዞራት።

«ብርሃን ይታየኛል።»

«ፀጉር አታስገባም እኮ፣ ጋሼ።»

«ፀጉር አይደለም የሚገባው፣ ውሃ ነው። ድገመው።»

ደገምኩት። ሲስተካከል ከደረቅ ወይራ በተጠረበ ችንካር ያዝነው፣ ስንጥቁን ሰም በጠጣ ጥጥ ደፈንነው። በእጄ የሠራሁት ነገር ሲይዝ ማየት ደስ አለኝ። ደስታዬንም ጠረጠርኩት፤ ሰው የሚለሰልሰው እንዲህ ሲደሰት ይሆናል አልኩ።

አንድ ቀን መሮው አመለጠኝና አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። «ልብህ የት ሄዶ ነው?» አለኝ። ሳላስበው አፌ ተናገረ። «ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሷል። ከተያዝኩ ወዲህ አላየኋትም፤ በር ላይ ይመልሷታል።» ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ጣቴን በጨርቅ እያሰረልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መስከረም ላይ አንድ የሚያነክስ ሰው አሻግሬያለሁ። የቢታ ገነት ከተማ ልጅ ነው፣ እንዳንተው መምህር» አለና ስሙን ጨመረ።

ስሙን አውቀዋለሁ። ፖሊስ አጥብቆ የሚፈልገው ሰው ነው። ለምን ነገረኝ? ስላመነኝ ነው ወይስ እናገር እንደሆነ ሊፈትነኝ? ወጥመድ ከሆነና ዝም ካልኩ ደባቂ እሆናለሁ። ወጥመድ ካልሆነና ከተናገርኩ ይህን ሰው እገድለዋለሁ።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ መርማሪው አስጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ። ወንበር ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ነው።

«ጀልባ ሠሪው ምን አለ?»

«ስለ ሥራ ነው የሚያወራው።»

«ሌላ ነገር ያወራል። ማንን እንዳሻገረ ነግሮሃል፣ ወይ ይነግርሃል። የሰማኸውን ጻፍልኝ።» ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «እስከ ቅዳሜ። ባለቤትህ ሳትወልድ ቤትህ ትገባለህ።»

ባለቤትህ ሳትወልድ። ይህን ግቢው ውስጥ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ስመለስ ሽማግሌው ኪሴ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት አየ። እኔም ማየቱን አየሁ። እንግዲያውስ ያሻገረውን ሰው ስም ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ በንዴት ቆረጥኩ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ዘበኛው ከበሩ ጠራኝ። ባለቤቴ ቆማለች። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ይታያል፣ እጇ ላይ ሳህን ይዛለች። ለአምስት ደቂቃ ያህል በሽቦው በኩል ተያየን። «ጣትህን ምን ሆንክ?» አለችኝ። «አናጺ ሆኜ ነው» አልኳት፣ ሳቀች።

ስመለስ ዘበኛው አጠገቤ እየሄደ፣ «ሽማግሌውን አመስግን። ረቡዕ መሮውን አስቀምጦ፣ ‹ነፍሰ ጡር ሚስቱን ካላየ እኔም እንጨት አልነካም› ብሎ አዛዡን አስቸገረው» አለኝ።

ለካ የነገርኩትን ለአዛዡ የተናገረው ለዚህ ነው። ልቤ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ይህንንም መርማሪው አዘጋጅቶት ቢሆንስ? ዘበኛው ይህን በል ተብሎ ቢሆንስ? ባለቤቴን ራሷን እንደ ማባበያ አምጥተዋት ቢሆንስ? ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ሳሰላ ዋልኩ፤ ሒሳብ አስተማሪው እኔ አንዱንም ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ሳላረጋግጥ ጻፍኩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «ጀልባ ሠሪው የሚከተለውን ተናግሯል። ሰያፉ የሳንቃውን ውፍረት ስምንት እጥፍ ይሁን። የጠቆረውን ብቻ ላግ። ችንካሩ የደረቀ ወይራ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይላላል። መሮውን ወደ ራስህ አታዙር።» ሁለቱንም ገጽ ሞላሁት። ከሥር ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መርማሪው ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የተናገረው ነው። ጻፍ ያሉኝም እሱን ነው።»

መርማሪው ወረቀቱን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ተመለስ» አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም።

ቅዳሜና እሑድ ከሽማግሌው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። የሚያነክሰውን ሰው ስም አልጻፍኩም ልለው ብዙ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ብነግረው ግን፣ ጆሮ ጠቢ ከሆነ፣ መደበቄን አመንኩ ማለት ነው። ሳልነግረው ሰኞ ጠዋት እጁን አስረው መኪና ላይ ጫኑት። በሩ ላይ ዞር ብሎ አየኝ። ዘበኛ መሀላችን ነበር።

የቀረችውን መጋጠሚያ ብቻዬን ጨረስኩ። ጀልባዋን ወደ ጎጀብ ወሰዷት፤ ውሃ እንዳላስገባች ዘበኛው ነገረኝ። ልጄ መጋቢት ላይ ተወለደች። እኔ ሐምሌ ላይ፣ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነገረኝ፣ ተፈታሁ። ሽማግሌው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሁለት ዓመት እንደተፈረደበት የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጆሮ ጠቢ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ሻይ ለጀልባው ማግባቢያ ኖሯል። ሁለቱን ዓመት ሲታሰር ግን፣ ያስፈረደበት የእኔ ወረቀት ይሁን አይሁን አያውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ለስብሰባ ሽማግሌው ወደተወለደበት ሐይቅ ዳር ከተማ ሄጄ ነበር። ጠያይቄ ሴት ልጁን አገኘኋት፤ ዓሣ ትሸጣለች። አባቷ ካረፈ ቆይቷል። ሚዛኗ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። የዚያን የሚያነክስ ሰው ስም እንዳልጻፍኩ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ተናገርኩ። እጇን በሽርጧ እየጠረገች አዳመጠችኝ።

«ስለ እስር ቤቱ ብዙ አያወራም ነበር። አንድ መምህር መግጠም አስተምሬያለሁ፣ እጁ ጥሩ ነበር ይለን ነበር» አለችኝ።

«ሌላስ?»

አንድ ዓሣ ሚዛኑ ላይ ጫነች። «ሌላ እንኳን የለም።»

ያ ይበቃኛል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ይበቃኛል።