የከሰሉ ጉድጓድ አደራ

አደራ ሰጥቶ የቀረ ሰው በድሏል። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ፤ ልጅነቴ ያለቀው የሰው አደራ ስጠብቅ ነውና።

በዚህ መኸር ለሲሚንቶ ፋብሪካ የድንጋይ ከሰል የሚፈልጉ ወጣቶች ዳባት ካለው ቤቴ ደጃፍ መኪናቸውን አቆሙ። መዶሻ ወገቧ ላይ የሻጠች አንዲት ልጅ ወርዳ ውሃ ለመነችኝ። መዶሻውን ሳይ ውሃውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሳለሁ መንደራችን ከዳባት ወረድ ብሎ ከገደሉ ግርጌ ነበር። አንድ ክረምት ጎርፍ የማሳችንን ጠርዝ ሲንደው፣ ከአለቱ ሥር ስስ ጥቁር ንብርብር ብቅ አለ። ምድጃ ውስጥ ብንጨምረው እሳት እንቢ አለ። በስንት እፍታ ሲይዝም ጢሱ ዲን ዲን ሸተተ፤ አመዱም ከነደደው የበለጠ መሰለን። እናቴ “የሲኦል ማገዶ ነው፣ አውጡልኝ” ብላ አስጣለችው።

ወሬው ደባርቅ ደርሶ ኖሮ በበጋው እንዲሁ መዶሻ ወገባቸው ላይ የሻጡ መሬት መርማሪዎች መጡ። ማሳችን መካከል ጉድጓድ ቆፍረው ጥቁሩን ድንጋይ በጆንያ በበቅሎ ጫኑ። አለቃቸው ትሑት ሰው ነበር፤ ቆሏችንን አብሮን ቆረጠመ። ሲሄድ አባቴን እንዲህ አለው፦

“አባቴ፣ ውጤቱን ይዘን እስክንመለስ ጉድጓዱ እንዳይደፈን፣ ዙሪያውም እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይገባበት። አደራ።”

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ “የምድርም የሰማይም አደራ ይሁንብኝ” አለ።

ገብስ ከሚያበቅለው መሬታችን ሁሉ ያ ማሳ ይበልጥ ነበር። ከብቱን የሚመልስ ሰው ስላስፈለገ፣ ወንድሞቼ ለእርሻ ቀሩና እኔ ከትምህርት ቤት ወጣሁ። ፊደል ገጣጥሜ ማንበብ ገና መጀመሬ ነበር። አባቴ “እስኪመለሱ ነው ልጄ” አለኝ።

ከጉድጓዱ አፋፍ ሆኜ በትምህርት ቤቱ እንደ ደወል የተሰቀለው ቸርኬ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ጉም ሲወርድ ግን ድምፁም ይታፈናል፤ እጄንም አላየው። ፀሐይ ስትወጣ ጥቁሩ ድንጋይ እየደረቀ ይሰነጣጠቃል፤ ስነካው በጣቶቼ መካከል ይፈርሳል። አንድ ቀን ከሥሩ ያለውን ጭቃ ስፍቅ የቅጠል መልክ አገኘሁ፤ ሰፊ፣ ጅማቱ ሳይቀር የታተመ። በእኛ ደጋ እንዲህ ያለ ቅጠል አይቼ አላውቅም። ለማን ላሳየው? ዞር ብል ላሞች ብቻ ናቸው።

የሚያልፍ ሰው ቢኖር ጎረቤታችን ነበር፤ እሱም ለማሾፍ።

“እህ፣ ጥቁሩ ገብስ አሸተ?”

“ሲያሽት እንጠራዎታለን፤ ማጭድ ይዘው ይምጡ።”

ክረምት መጣ፣ ሄደ፤ ሌላም መጣ። ጎተራችን ባዶውን ማደር ሲጀምር አባቴን ለመንሁት።

“አባየ፣ ደፍነን እንረሰው። ረስተውናል።”

“መርሳቱ የእነሱ ነው፤ መጠበቁ የኔ ነው። ጦሜን አድራለሁ እንጂ አደራ አልበላም።”

አባቴ ጉድጓዱ ክፍት እንደሆነ ሞተ። ወንድሞቼ የደፈኑት ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ያን ጊዜ ተድሬ ሄጃለሁ፤ ወደ ትምህርት ቤትም የመለሰኝ የለም። መሬት መርማሪ መጣ በተባለ ቁጥር ግን ሄጄ እጠይቅ ነበር፤ አንዱም መልስ አልሰጠኝም።

ለዚያች ልጅ ይህን ሁሉ ነገርኋት። ውሃውን ሳትጠጣ ሰማችኝ፤ ከዚያ እንዴት እንደነደደ፣ ውፍረቱም ምን ያህል እንደነበር ጠየቀችኝ።

“እማማ፣ ያ ቦታ በጥንት ዘመን ረግረግ ነበር። ዛፉ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ተቀበረ፤ ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣው ድንጋይም ከላዩ ፈሰሰበት። ይህ ሁሉ ተራራ ያ የፈሰሰው ድንጋይ ነው። ከሰሉ ግን ገና አልበሰለም። ጭቃ ስለገባበት አመድ ይበዛዋል፤ ዲንም አለው። ለፋብሪካ አይሆንም።”

“እሱንማ እናቴም በምድጃዋ አይታዋለች። እኔ የምጠይቅሽ ለምን አልተመለሱም ነው። ሳያውቁት ቀርተው ነው?”

“ኧረ አውቀውታል፤ ናሙናውን ያቃጠሉት ዕለት።”

“ታዲያ አባቴን ‘አደራህ ተነሥቷል፣ እረስ’ የሚለው እንዴት ጠፋ?”

ልጅቱ ወደ ጓደኞቿ አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ሳትሸፍን ነገረችኝ።

“እማማ፣ ከሰሉ ጥሩ ሲሆን እንመለሳለን። ካልሆነ ግን ለባለማሳው የሚነግር ሰው አንልክም።”