ለወንድሜ እንግዳ ሆቴል ስመርጥ

ሆቴል ስመርጥ መጀመሪያ የምከፍተው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ነው። አልጋ አይሸውደኝም፤ ንጹሕ አንሶላ ማንም ያነጥፋል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ከወረደ አስተናጋጁን አመሰግንና ውልቅ እላለሁ። ቀጥዬ አጎበሩን ወደ መስኮቱ አንስቼ በብርሃን አያለሁ። አርባ ምንጭ ላይ የተቀደደ አጎበር የሰቀለ ሆቴል፣ ወለሉ እብነ በረድ ቢሆን እንኳ ለእኔ ቅንጡ አይደለም። ይህን ሙያ ማንም አላስተማረኝም። ዕድሜዬን የአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ መምህር ነኝ። ሆቴል መራጭ ያደረገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ለምን እንዳደረገኝ የገባኝ ደግሞ ሥራውን ጨርሼ ካስረከብኩት በኋላ ነው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሴቻ፣ ከተማው ከፍ ብሎ በተቀመጠበት በኩል፣ የአባታችን ቤት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ቤቱ የጭቃ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው በሁለት በኩል ያፈሳል። ጓሮው ግን የሚያበቃው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። እዚያ የቆመ ሰው ከሥሩ ጫካውን፣ ከጫካው ወዲያ በግራ ቀላ ያለውን ዓባያን፣ በቀኝ ጫሞን፣ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ የምንለውን ተራራ አንድ ላይ ያያል። እኔ ልብስ የማሰጣው እዚያ ነበር።

እናታችን ቀድማ አረፈች። አባታችንን ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ያጠብኩት፣ ያገላበጥኩት፣ ስሜን ሲረሳ ስሜን የነገርኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ ለቀብሩም ለሰልስቱም አልደረሰም። ምክንያቱን አልጠየቅኩትም፣ ቂሜን ግን ይዤ ቀረሁ። በእኛ በጋሞ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ባይራ ይባላል፤ የአባት ቤት ለእሱ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የቤቱ ካርታ በእሱ ስም ሲወጣ አልተከራከርኩም። “ስሙ የእኔ ይሁን እንጂ ቤቱ የአንቺ ነው” አለኝ፤ አመንኩት። ባይራ እህቱን ያስጠጋል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ይሸጣል ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ደወለ። አንድ ትልቅ ሰው ከባለቤቱ ጋር ይመጣል፣ ከከተማው ምርጡን ሆቴል ፈልጊልኝ አለኝ። ሰውየው ቀላል ሰው አይደለም። ጎንደር ግንቡ ከመስኮት በሚታይበት ሆቴል አድሯል፣ ላሊበላ ገደል አፋፍ ላይ አድሯል፣ ሐረርንም አክሱምንም ያውቃል። ፍልውሃ ያለበት ከተማ ደግሞ ሶደሬ በል ወንዶ ገነት በል አምቦ፣ ሳይነከር ያለፈው የለም። የእኛ አርባዎቹ ምንጮች ቀዝቃዛ ናቸው፣ ሰውየውን ብርድ እንዳይመታብህ ብዬ ቀለድኩ። ሳቀ። ከዚያ “በአንቺ ዓይን ነው የማምነው” አለኝ። ለዓመታት ከእኔ ምንም ፈልጎ የማያውቅ ሰው ነው። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ፈገግ ስል ቆየሁ።

ሥራውን እንደ ቁም ነገር ያዝኩት። ከትምህርት ቤት ስወጣ ባጃጅ ተሳፍሬ ከአንዱ ሎጅ ወደ ሌላው እዞራለሁ። አንዱ ጋ ሥራ አስኪያጁ ከገቢዎች የተላክኩ መስሎት ለስላሳ ጋበዘኝ፤ ጠጣሁለት። ሌላው ጋ ደግሞ አስተናጋጁ የጫጉላ ክፍል እንዳይ ሲመራኝ ሙሽራዋ መቼ እንደምትመጣ ጠየቀኝ። ሙሽራዋ እኔ ነኝ አልኩት። ሽበቴን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ ከዚያ በጨዋ ደንብ እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ። ወጥ ቤትም እገባለሁ። ዛሬ ጠዋት ከጫሞ የመጣ ነው የሚሉኝን አሳ ስንጥቡን፣ የሚተነፍስበትን፣ ገልጬ አያለሁ፤ የከረመ አሳ ስንጥቡ ስለሚጠቁር፣ ዓይኑም ስለሚሰረጉድ እኔ አልሸወድም። አንድ ጥሩ ሎጅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ ዝንጀሮ መጥታ የስኳር ዕቃውን ይዛ ሄደች። ዘበኛው በወንጭፍ ሲያሳድዳት እኔ ሎጁን ከምርጫዬ ሰረዝኩት። የወንድሜን እንግዳ ለዝንጀሮ አልሰጥም።

ማታ ማታ ወንድሜ ይደውላል። ስለ ቧንቧው ስነግረው እሺ እሺ ይላል፣ ስለ አጎበሩ ስነግረው እሺ ይላል። የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከበረንዳው ምን ይታያል? እነግረዋለሁ። ይሄኛው ዓባያን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ጫሞን ዛፍ ከልሎታል። ያኛው ጫሞን ያሳያል፣ ግን መንገድ ዳር ስለሆነ የጭነት መኪና ፍሬን ሌሊቱን ሲያስጮህ ያድራል። በኩልፎ ወንዝ በኩል ያለው ነፋሻ ነው፣ ግን ከሙዝ ቅጠል በቀር የሚታይ የለም። ሁለቱን ሐይቅ ከነድልድዩ አንድ ላይ የሚያሳይ የለም ወይ ሲለኝ፣ እሱማ የእኛ ጓሮ ነው አልኩት። እንደገና ሳቀ። ስንስቅ ወንድምና እህት መሆናችን ትዝ አለኝና ደስ አለኝ።

እንግዶቹ ሊመጡ ሲሉ እሱ ቀድሞ መጣ። ብቻውን ግን አልነበረም። ከጨንቻ ደጋ የአባታችን ወገን የሆኑ ሽማግሌዎች፣ ባለ ቀለሙን ዱንጉዛ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘው ግቢዬ ገቡ፤ እሱ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ሲንበረከክ እምቢ የሚባል ነገር የለም። ሊገዳደሉ የወጡ ሰዎች እንኳ ያንን ሣር ሲያዩ ይመለሳሉ። እምቢ ማለት ጎሜ ነው፤ ጎሜ የጣሰ ሰው እህሉም ከብቱም ልጁም አይበረክትለትም ይላሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ በጎሜ አላምንም። ግን አባቴን የሚያክል ሽማግሌ ጉልበቱ መሬት ሲነካ አይቶ የሚያስችለው የጋሞ ልጅ የለም።

ትልቁ ሽማግሌ በጋሞኛ ተናገሩ። “ወንድምሽ በድሎሻል። በደሉን እሱም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እኛ አንዘረዝረውም። ስለ ሣሩ ብለሽ ያለፈውንም የሚመጣውንም ተዪለት።”

የቀብሩ ነገር ነው አልኩ በልቤ። በመጨረሻ አሰበበት፣ ጸጸተው፣ ደጋ ድረስ ወጥቶ ሽማግሌ ለመነ። እንባዬ ወረደ። ትቼለታለሁ አልኩ፤ ሣሩን ተቀበልኩ፣ ሽማግሌዎቹን አነሳሁ፣ ወንድሜ አቅፎኝ አለቀሰ። ያኔ ያለቀሰው ምን ሆኖ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቆጮ በዳጣ አቀረብኩ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁን። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ ያ ደስታ ያናድደኛል።

እንግዶቹ መጡ፣ የመረጥኩላቸው ሎጅ አረፉ። ሚስትየው ውሃው ጥሩ ነው አለችኝ፣ ኮራሁ። በማግሥቱ ወንድሜ ይዟቸው ቤት መጣ። ወንበር አወልውዬ ጠበቅኋቸው፤ እነሱ ግን በቤቱ አጠገብ አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ። ሰውየው አፋፉ ላይ፣ ልብስ ማስጫዬ ገመድ ሥር ቆሞ ሁለቱን ሐይቅ በየተራ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአክብሮት አመሰገነኝ።

“ወንድምዎ ያጠኑትን ሁሉ ነግሮኛል፣ እጅግ ጠቅሞናል” አለኝ። “የሌሎቹን ጉድለት በደንብ ነው ያወጡት። አንዱ ዓባያን ብቻ፣ አንዱ ጫሞን ብቻ። የእኛ ሆቴል ግን ሁለቱንም ያሳያል። ትልቁ በረንዳ እዚህ እርስዎ የቆሙበት ላይ ይሆናል።”

ሚስትየው ማድ ቤቴን እያየች ይሄ ይፈርሳል አይደል ብላ ወንድሜን ጠየቀችው። ይፈርሳል አላት። ከንግግራቸው እንደተረዳሁት ቦታው ተሸጦ አልቋል፤ ለእሱም ከሆቴሉ ድርሻ ተሰጥቶታል። ሁሉም ነገር ያለቀው ሆቴል ፈልጊልኝ ብሎ ከመደወሉ በፊት ነው። ለካ እኔ ለሰውየው ማደሪያ ስመርጥለት አልነበረም፤ ወደፊት የሚፎካከራቸውን ሆቴሎች ስሰልልለት ነበር። ቧንቧ ስከፍት፣ አጎበር ሳነሳ፣ የአሳ ስንጥብ ስገልጥ የራሴን ቤት እያፈረስኩ ነበር።

እንግዶቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ ወንድሜን ወደ ኋላ አስቀረሁት። “ጋሼ፣ ሸጥከው?” አልኩት።

የሚሳደብ፣ የሚቆጣ፣ ቢያንስ የሚያፍር መስሎኝ ነበር። ድምፁ ግን የታረቀ ሰው ድምፅ ነበር። “ይቅር ብለሽኛል እኮ” አለኝ። “በሽማግሌ ፊት፣ ያለፈውንም የሚመጣውንም።”

የሚመጣውንም። ሽማግሌው ሲሉት ለንግግር ማሳመሪያ መስሎኝ ነበር። ለዚያች አንዲት ቃል ነበር ደጋ የወጣው። ልጮህ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ሣሩን ተቀብያለሁ። ጎረቤት አይቷል፣ ሽማግሌ መርቋል። ያን ቀን ብጮህ ዕርቅ ያፈረሰችው እኔ ነበርኩ የምባለው። ቤቱን መውሰዱ አይደለም እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ፤ የምቆጣበትን መብት ቀድሞ ወስዶብኝ ነው ቤቱን የወሰደው።

ታች ሲቀላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ ወረድኩ። ከመስኮቴ የአከራዬ የውሃ በርሜል ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወሬው ተሰማና ሰዎች እጄን እየጨበጡ ይቅር ባይነቴን ያደንቁ ጀመር፤ አንዲት እህት እንዲያውም ቆሜ ምስክርነት እንድሰጥ ጠየቀችኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። በሴቻ በኩል የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሲያልፍ ቦታው ታጥሮ የቆርቆሮው አጥር ይታያል፤ እኔ ግን ባጃጁ እስኪያልፍ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

እንዲህ ሆኜ አንድ ዓመት ያህል ከቆየሁ በኋላ ግን አላስቻለኝም። ጨንቻ ወጣሁ። ትልቁን ሽማግሌ ከእንሰቱ መሃል አገኘኋቸው፤ ጉም ስለነበር ሰላም እስክላቸው አላወቁኝም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ ስጨርስ ደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ተነፋ።

“የቀብሩ ነገር ነው ብሎን ነው የወረድነው” አሉኝ። “የሚመጣውንም በሉልኝ ያለን ራሱ ነው። ታራቂ የወደፊቱን ሲያስብ ደስ ብሎን እሺ አልነው። እንዲህ ከሆነ ይሄ ዕርቅ አይደለም ልጄ። በደሉን በአፉ ይናገር፣ ተናግሮ ይጠይቅሽ። ሌላው ይቅር፣ ይህን ያድርግ።”

እኔም የምፈልገው ይህንኑ ብቻ እንደሆነ ያኔ ታወቀኝ። ቤቱ ፈርሷል፣ አይመለስም። ግን አንድ ቀን ፊቴ ቆሞ፣ ቤትሽን ሸጥኩብሽ ቢለኝ፣ በራሴ ፈቃድ ይቅር የምለው ወይም የማልለው ነገር ይኖረኝ ነበር። ሽማግሌው ወንድምሽ ለግንባታው ሲመጣ እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ ብለው ቃል ሰጡኝ። ከጨንቻ ስወርድ፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለራሴ አንጎራጎርኩ።

ቃላቸውን ጠበቁ። አንድ ከሰዓት በኋላ በትራቸውን ተደግፈው የኪራይ ክፍሌ ድረስ መጡ። ግንባታው ቦታ ድረስ ሄደው ወንድሜን አግኝተውታል። ወንበሩን ሰጥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም ሳያለዝቡ ነገሩኝ። ታርቀናል እኮ ብሏቸዋል፤ አንድ ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚታረቀው፣ እናንተው አስታርቃችሁን እናንተው ታፈርሳላችሁ ወይ ብሏቸዋል። ሠራተኞቹ እያዩ ስለሆነም ብዙ መናገር አልቻሉም።

ከዚያ ስለ እኔ ያለው ወይም የጠየቀው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ የት እንደምኖር፣ እንዴት እንደሆንኩ።

ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። የሚያጽናናኝ ነገር እጃቸው ላይ የቀረ መስሏቸዋል መሰለኝ። “እንዴት አይል፣ ብሏል እንጂ” አሉ። “ሆቴሉ ሲያልቅ ለእሷ አንድ ክፍል እሰጣታለሁ ብሏል። ሁለቱ ሐይቅ የሚታይበትን። በነፃ፣ ከነቁርሱ።”

“ለስንት ቀን?” አልኳቸው።

ሽማግሌው አልጠየቁትም ነበር።