መብራቱ እስኪረጋ

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኮልፌ ውስጥ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳው የጎረቤቴ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ተቃጠለ። መብራት ሄዶ ነበር። ሲመለስ ጎረቤቴ ወዲያው ሰካው፤ ከኋላው ጭስ ወጣ።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገና ያልተቀናበረ የአንዲት የሰፈራችን ልጅ ሠርግ ነበር። ሌላ ቅጂ የለም፤ የካሜራው ካርድ ላይ የነበረውም ለቀጣዩ ሠርግ ተብሎ ተሰርዟል። ሙሽራዋ ቪዲዮውን ሳታይ አባቷ ሞተዋል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኒካው፣ ጋብቻው በታሰረበት ዕለት፣ አባቷ ያደረጉላትን ዱዓ። ያን ቀን ከሴቶቹ ጋር ሌላ ክፍል ስለነበረች በጆሮዋ አልሰማችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ እኔ ቤት መጣ። ሙሽራዋም ተከትላው ገባች። የፈለጉት ዜና የምጽፍበትን ላፕቶፕ ነው።

«ጋሼ፣ ከፍተን እዚህ ውስጥ ብናስገባውስ?» አለኝ።

የላፕቶፑን የታች ክዳን ፈትቼ አሳየሁት። የላፕቶፑ ዲስክ ስስ ነው፤ የእሱ በስፋትም በውፍረትም ይበልጠዋል።

«ቁም ሳጥን በመስኮት ልታስገባ ነው?» አለችው ሙሽራዋ።

አልሳቀም። ወጥቶ ፌርማታው አጠገብ ካለ ጥገና ቤት ገመድ ተውሶ ተመለሰ። ገመዱ በአንድ በኩል ላፕቶፑ ላይ፣ በሌላ በኩል ግድግዳው ላይ ይሰካል። የዴስክቶፕ ዲስክ ላፕቶፑ በሚሰጠው ኃይል ብቻ አይነሳም።

ሰካነው። ዲስኩ መሽከርከር ጀመረ፤ የሠርጉ ፋይሎች ስክሪኑ ላይ ወጡ። ጎረቤቴ ሁሉንም መቅዳት ጀመረ። ሩብ ያህሉ እንኳ ሳይቀዳ መብራት ሄደ።

«ምን ሆነ? ላፕቶፑ በርቷል እኮ!»

«እሱ ባትሪ አለው፣ እህቴ። ዲስኩ የለውም» አላት ጎረቤቴ።

የዲስኩ ድምፅ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ጎረቤቴ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለ።

መብራት የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ነው። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ስካው በቃ!»

ጎረቤቴ ሶኬቱን በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ይርጋ።»

«አባቴን እኮ ነው የምታስጠብቀኝ!»

«ትናንት ቸኩዬ ነው እዚህ ያደረስኩሽ። አምፖሉን እዪው።»

አምፖሉ ደመቅ፣ ፈዘዝ ይል ነበር። ሦስታችንም ቀና ብለን እሱን እያየን ቆየን። ሻይ አቀረብኩ፤ የነካው የለም። እሷ የሻርፗን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትፈታለች። እሱ ሶኬቱን አላስቀመጠም። የአምፖሉ ብርሃን መዋዠቁን ሲያቆም «ቢስሚላህ በይ» አላት። አለች። ሰካው።

በዚህኛው ዙር ሠርጉን ሁሉ ትቶ የዱዓውን ፋይል ብቻ ላፕቶፑ ላይ ቀዳ። እንዳለቀ ከፈተላት። አባቷ ነጭ ቆብ አድርገው፣ እጆቻቸውን ዘርግተው ታዩ። ስሟን ሲጠሩ ሙሽራዋ አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

ዱዓው ሳያልቅ መብራት እንደገና ሄደ። ዲስኩ ዝም አለ። ሙሽራዋ ደንግጣ ወደ ጎረቤቴ ዞረች።

«የሳቸው እዚህ ነው» አላት ላፕቶፑን እያመለከተ።

አባቷ ዱዓውን ቀጠሉ። ሲጨርሱ ቪዲዮው ላይ ያሉት ወንዶች አሚን አሉ። እሷም አለች።