ልደት ያለ መጠጥ

ባሌ ሲጠጣ ይማታ ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለ እሱ ደግ ደጉን ሳወራ «ምነው፣ እንዲህ ያለውን ሰው!» እንዳትሉኝ ነው። ቀበቶ አይመርጥ፣ በርጩማ አይመርጥ፤ እጁ የገባውን ነው የሚያነሳው። አንድ ቀን የበራ ኩራዝ ወርውሮብኝ ሻሼ ተያይዞ ጎረቤት በውሃ አጥፍቶልኛል። እኔም እጄን አጣጥፌ የምመታ ሴት አልነበርኩም፤ ትከሻው ላይ የጥርሴ ምልክት ነበረው። የጉለሌ ጎረቤቶቻችን የቅዳሜ ጩኸታችንን ከመልመዳቸው የተነሳ፣ ዝም ያልን ቀን «ዛሬስ ምን ነካቸው?» ይሉ ነበር።

ከዚያ ጌታን አገኘ። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ የጴንጤዎቹ ሽማግሌ፤ ዝም ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ እየመጣ አብሮት ተቀመጠ። በመስከረም ባሌ መጠጡን እርግፍ አድርጎ ተወ። እናቴ እንጦጦ ማርያምን ስትሳለም ያረጀች ሴት ናት፤ እኔም እንደ ባሌ ጴንጤ ስሆን «ምነው ማኅፀኔ በደረቀ!» ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አለቀሰች። እኔ ግን ምን ቸገረኝ! የማይመታኝ ባል የሰጠኝን አምላክ በየትኛውም በር ገብቼ አመልከዋለሁ አልኩና ተከተልኩት። ሴት ልጃችን የተወለደችው በዚያ በሰላሙ ጊዜ ነው። አባቷ እጁን ሲያነሳ ለመታቀፍ የምትንጠራራ ልጅ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ያችን እጅ ባየሁ ቁጥር አሁንም አንገቴን እቀብር ነበር።

ጊዜው ደርግ ነው። ቀይ ሽብሩ በርዷል፤ የጴንጤ ነገር ግን አልበረደም። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሆኗል። ተሰብስቦ ሲዘምር የተገኘ ሰው «የኢምፔሪያሊስት ተላላኪ» ተብሎ ውስጥ እግሩ እስኪላጥ ይገረፋል። አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ቤት ለቤት በሹክሹክታ ነበር የምንጸልየው። ባሌን ደግሞ ሹክሹክታ አይይዘውም። ሰው ይፈልጋል፣ ሳቅ ይፈልጋል፣ በተለይ ቅዳሜ። ቅዳሜ ብቻውን ከዋለ በር ላይ ቆሞ ወደ አረቄ ቤቱ መንገድ ያይ ነበር።

ያዳኑን ፈረንጆቹ ናቸው። ጉለሌ ግቢ ተከራይተው የሚኖሩ ስዊድናውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ባሌ መኪናቸውን ይነዳል፣ እኔ አበስላለሁ። ሚስተር የውሃ ጉድጓድ መሐንዲስ ስለሆነ ሳምንቱን ክፍለ አገር ነው። ማዳም ግን ሥራ የላትም፤ መስኮት ላይ ተቀምጣ መንገደኛ ስታይ ትውላለች። ሰው ሁሉ ፈረንጅ ቤት መግባት ስለሚፈራ አንድ ጎረቤት እንኳ አንኳኩቶባት አያውቅም። አንድ ቀን ሽንኩርት አብራኝ እየላጠች፣ «በእኛ አገር ቅዳሜ ሰው ቤት አይቀመጥም፤ ብርድ ልብስና ምግብ ይዞ ጫካ ይወጣል» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሽንኩርቱ ይሁን ናፍቆቱ አልለየሁም።

እንዲህ ነው እንጦጦ መውጣት የጀመርነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚስተር ፊት፣ እኔና ማዳም ኋላ፣ ልጄ ጭኔ ላይ፣ ባሌ መሪው ላይ፤ ሽቅብ! ባሕር ዛፉ ሥር ብርድ ልብስ ይነጠፋል። ማዳም እንጨት በእንጨት የሚመታበት የአገሯን ጨዋታ ታጫውተናለች። ጥቂት ቅዳሜዎች እንዳለፉ ባሌ፣ «ማዳም፣ ጓደኛዬ ልደቱ ነው፤ እዚህ ቢመጣ ቅር ይልዎታል?» አላት። ቅር ሊላት! ቶርታ ጋግራ ጠበቀችው።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ልደት ሆነ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይወለዳል። ወገኖቻችን አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እያሉ፣ ግማሹ ከአዲሱ ገበያ በእግሩ እየወጣ፣ ግማሹ እንጦጦ ማርያምን ተሳላሚ መስሎ ነጠላ አጣፍቶ ይመጣል። መጽሐፍ ቅዱሱ ቅርጫት ውስጥ፣ ከቶርታው ሥር ነው። ቀስ ብለን እንዘምራለን፤ እንጨት ለቃሚ ካለፈች ወደ «መልካም ልደት» እንገለብጠዋለን። ማዳም ለሁለቱም ታጨበጭባለች። «እናንተ ልደት እንዴት ትወዳላችሁ!» ትላለች በአማርኛዋ። ለእሷና ለባሏ ደህንነት ስንል ምንም አልነገርናቸውም። ደስ ብሏት ነበር፤ ባሌም ደስ ብሎት ነበር። ያን ያህል የሚስቅ ሰው መሆኑን እንኳ በትዳራችን አላውቅም ነበር።

መጠጥ የሌለበት ልደት ያስጠረጥራል ብሎ አንድ ኮኛክ የገዛው ልብስ ሰፊው ሽማግሌያችን ነው። ጠርሙሱ ሳይከፈት ከቶርታው ጎን ይቆማል፣ ሳይከፈት ይመለሳል። ከመመላለሱ ብዛት ወረቀቱ ተልጧል። «ይሄ ኮኛክ እኮ ከእኛ በላይ ቃሉን ሰምቷል፤ ለምን አናጠምቀውም?» ይል ነበር ባሌ። ወረቀቱ የተላጠ ጠርሙስ የድግስ እንደማይመስል ከእኛ መሃል የሚያውቅ ባሌ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ወደዚያ ጠርሙስ ማየት አይወድም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቅዳሜ ባለ ልደቷ ክር ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ልጅ ነበረች። ሻማውን ገና እፍ ስትል ጠብመንጃ የያዙ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ከዛፎቹ መሃል ወጡ።

«ምንድን ነው ስብሰባው?» አለ አለቃቸው።

«ልደት ነው፣ ጓድ» አለ ሽማግሌው።

አለቅየው ጠርሙሱን አነሳ። ክዳኑን አየው፤ ጠርዙ ዝጓል። «ሻማው ጠፍቷል፣ ጠርሙሱ ግን አልተከፈተም። ምን ዓይነት ልደት ነው?»

«አሁን ልንከፍተው ስንል ነው የደረሳችሁት።»

ይሄኔ ማዳም ፈገግ ብላ ብድግ አለች። እኛን ማሞገሷ ነበር። «አይ፣ እነሱ አይጠጡም! ሁልጊዜ ያመጡታል፣ ሁልጊዜ ይመልሱታል። በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለች።

ወይ አምላኬ! አፏን በመዳፌ ብከድነው በወደድኩ።

አለቅየው ሳቀ። «ጴንጤዎች!» አለና የጠብመንጃውን ሰደፍ ሽማግሌው አፍ ላይ አሳረፈው። ሽማግሌው ተንበርክኮ ጥርሱን ከደም ጋር ሳሩ ላይ ተፋ። ሚስተር ጮኸ፤ አንደኛው ደረቱን ገፍትሮ መኪናው ውስጥ ከተተውና በሩን ዘጋበት። ማዳም በራሷ ቋንቋ ታለቅሳለች። አለቅየው ጠርሙሱን በሳንጃ ከፍቶ ብርጭቆ ሞላና ባለ ልደቷን በጸጉሯ ያዛት። «ልደትሽ ነው አይደል? ጠጪ!» አላት። ልጅቷ ከንፈሯን ገጥማ ዓይኗን ጨፈነች። ብርጭቆውን ጥርሷ ላይ ገፋው፤ አሁንም ገፋው፤ ብርጭቆው ተሰበረና ከንፈሯን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ደሟ በነጭ ሹራቧ ላይ ወረደ። ድምፅ አላሰማችም። ሌላ ብርጭቆ አስመጣ። «አንድ ሰው ከመካከላችሁ ካልጠጣ ሁላችሁንም ነድቼ ነው የምወርደው» አለ። ወዴት እንደሚነዳን የማያውቅ አልነበረም።

ማንም አልተነሳም። ልጄን ደረቴ ላይ አጣብቄ ፊቷን ሸፍኛለሁ።

ባሌ ሳቀ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ የድሮው ነው፣ የአረቄ ቤቱ። እያጨበጨበ መሃል ገባ። «ኧረ ጓድ! የኔን ድርሻ ለሴት ትሰጣለህ እንዴ? ጠርሙሱ የኔ ነው። ሚስቴን ፈርቼ እኮ ነው ያልከፈትኩት!»

አለቅየው ልጅቷን ለቀቃትና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ የምትከለክዪው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ከጠጣ ይገድለኛል፣ ጓድ።»

ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እውነቴን ነበር። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እነሱ እንባቸውን እየጠረጉ ይስቃሉ።

ባሌ ብርጭቆውን ተቀብሎ አንድ ጊዜ አየኝና ገለበጠው። ሁለተኛውንም። ከዚያ እስክስታ ወረደ፤ የባለጌ ቀልድ አወራላቸው፤ «ጠጣ በሞቴ!» እያለ ለእነሱም ቀዳላቸው። ሰካራምን እንደሱ የሚያውቅ የለም፣ እነሱም አመኑት። «ይሄስ ሰው ነው! ከነዚህ ጋር ምን ትሠራለህ?» እያሉ ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል። ሽማግሌው ደሙን በነጠላ እየጠረገ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። በመጨረሻ አለቅየው ጠብመንጃውን አነገተና «ሁለተኛ እዚህ እንዳላያችሁ» ብሎ ሄደ። ዳንን።

ጠባቂዎቹ ዛፎቹ መሃል ገቡ፣ ድምፃቸውም ጠፋ። ጠርሙሱ ሥር ጥቂት ቀርቶ ነበር። የሚያዘው፣ የሚያየው ጠላት የለም። ባሌ ጠርሙሱን አነሳና ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጠው።

ስንወርድ የነዳው ሚስተር ነው። ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን፣ ልደቱ ሁሉ ጸሎት እንደነበር ለማዳም ነገርኳት። «እውነቱን ነው እኮ የተናገርኩት» አለች። አውቃለሁ አልኳት። ቆይታ ደግሞ፣ «ታዲያ ጓደኞቼ አልነበራችሁም?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ነበርን ብላት አታምነኝም፣ አልነበርንም ብላት ውሸት ነው፤ ሽንኩርት አነሳሁና መላጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆዩ አገራቸው ገቡ። ሽኝት ላይ እኔን አቅፋ ባሌን በሩቁ ጨበጠችው።

አሁን ስሙኝ እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ወንድሞች ተሰበሰቡና ባሌን ጠሩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በአሕዛብ ፊት ጠጥቷል፣ ዘፍኗል፣ ወንጌሉን አሰድቧል፤ ስለዚህ ንስሐ ገብቶ ፍሬው እስኪታይ ከኅብረት ይታገድ አሉ። የፈረደው ጥርሱ የረገፈው ሽማግሌ ነው፤ ሲናገር ያፏጫል። ባሌ፣ «ለእናንተ ብዬ ነው» አለው። «ጌታ ሌላ መንገድ ነበረው» አለ ሽማግሌው። ባሌ ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረኝ አልጮኸም። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን ያያቸዋል። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ቤት ዋለ። ሁለተኛዋንም ዋለ፤ ልጁን አስተኛ፣ በር ላይ ቆመ፣ ገባ፣ ወጣ። በሦስተኛዋ ወጥቶ አዲሱ ገበያ አረቄ ቤት ወረደ።

ሰክሮ ሲመለስ ነገር አልፈለገም፣ ሰበብም አልፈለገም። በበር መቀርቀሪያ ክንዴን ሰበረኝ። ልጄ ወደ እጁ ስትንጠራራ አየኋትና በላይዋ ላይ ወደቅኩ፤ ቀሪው ጀርባዬ ላይ አለቀ።

ወጌሻ ክንዴን ባሰረልኝ ማግስት ሽማግሌው ሊጸልይልኝ ሙዝ ይዞ መጣ። ባለ ልደቷም አብራው ነበረች፤ ከንፈሯ ጠባሳ ሠርቷል። ሽማግሌው ሊንበረከክ ሲል፣ «ተነስ!» አልኩት። ታላቄ ነው፤ አንተ ብዬው አላውቅም ነበር። «ጸሎትህን ለራስህ አድርገው። ባሌ የጠጣው እኮ የአንተን ኮኛክ ነው! አሁን አዲሱ ገበያ ነው ያለው። ሂድና እጁን ይዘህ፣ ወንድሜ ና ግባ በለው። ይሄን ብቻ ነው የምለምንህ።»

እንሂድ ያለችው ባለ ልደቷ ናት። ልጄን ለጎረቤት አደራ ሰጠሁ፤ ሽማግሌው እግሩን እየጎተተ ተከተለን። አረቄ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሰው ያየኛል አለ። ልጅቷ እሱን ትታ ገባች፤ እኔም ከኋላዋ።

ባሌ ጥጉ ጋ ነበር። ልጅቷ አጠገቡ ተቀመጠችና ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ቤት እንሂድ» አለችው። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። በጥፊ አፏን አላት። ጠባሳው ተከፈተ። ባሌ እጁን አየ፣ ደሙን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ማናት?» አለኝ።

ልጅቷን ጎትቼ ወጣሁ። ሽማግሌው በር ላይ የለም፤ ሄዷል። ቀጥ ብዬ ቤት ገባሁና የልጄን ልብስ በፌስታል መክተት ጀመርኩ። ልጅቷ ነጠላዋን ከንፈሯ ላይ ይዛ እግሬ ሥር ተደፋች። «እባክሽ አትተዪው፤ ያዳነኝ እሱ ነው» ትለኛለች።

«አውቃለሁ እህቴ፣ አድኖሻል» አልኳት። «አብሬው የማድረው ግን እኔ ነኝ።»

ልጄን ከጎረቤት ተቀብዬ በደህናው ክንዴ ታቅፌ ሸጎሌ እህቴ ዘንድ ሄድኩ።