ጎራሹ እምቢ ያለበት ጥግ

ጎራሹን መጀመሪያ የያዝሁት ሹም አቦ ሰፈር፣ በአንድ ተቋራጭ ግቢ ውስጥ ነው። ያኔ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሚስማር ስመታ፣ ቪቲ በካቻቢቴ ሳጠብቅ የኖርሁ አናጺ ነኝ። ፎርማኑ ጌታሁን ካርቶኑን እፊቴ አስቀመጠና፣ «ፋዘር፣ ይቺ እንኳ ለእርስዎ ዕድሜ አትሆንም» አለኝ።

«ዕድሜዬን ተወውና መፍቻ አምጣ» አልሁት።

ጎራሽ የምንለው ቪቲ በራሱ እየጎረሰ የሚያስረውን ድሪል ነው። ቪቲዎቹ በፕላስቲክ ዝናር እንደ ጥይት ተደርድረው ይገባሉ። አፈሙዙን ሳንቃ ላይ ስትጫኑት ወደ ኋላ ይገባል፣ ቪቲውም ይታሰራል። ስትለቁት ሞላው ይመልሰዋል፣ ቀጣዩ ቪቲ ይመጣል። ጆንያ አንጥፌ ፈታሁት፤ መልሼ ገጠምሁት። አንዲት ብሎን አልተረፈችኝም። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ ከተማ ከእኔ በፊት አንጀቱን ያየ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ከዚያ ወዲህ የታመመ ጎራሽ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ዘንዘልማ ላይ ኮርኒስ የሚሠሩ ልጆች አንዱን «ተቃጥሏል» ብለው በባጃጅ ላኩልኝ። በአፈሙዙ መሄጃ ውስጥ የጂፕሰም ዱቄት ጋግሮበት ነበር። በደረቅ ብሩሽ ጠረግሁለትና ሠራ። «ምን አደረጉት ጋሼ?» ሲሉኝ፣ «ፊቱን አጠብሁት» አልኋቸው። ሌላው የቪቲውን ራስ እያኘከ ያስቸግር ነበር፤ ቪቲውን የሚያዞረው ጫፍ አልቆ ነው። ሌላው ጎራሽ ቪቲ ይዘላል፤ ሠራተኛው አፈሙዙ ሳይመለስ እንደገና እየተጫነ ነው። «ሳይውጥ አታጉርሰው» አልሁት። ይኸው ነው።

የወይዘሮ ስንዱ ወለል ችግር ግን በዚህ አልተፈታም።

ወይዘሮ ስንዱ ጣና ዳር ምግብ ቤት አላቸው። ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ውኃው የሚገባ፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የቆመ የእንጨት ወለል አለው። እሑድ ልጃቸው ልትዳር ነበር። ያረጀው ሳንቃ እንዲለወጥ ሥራውን ለጌታሁን ሰጡት። የሙሽሮቹ ወንበር የሚቀመጠው በሐይቁ በኩል፣ በግራ ጥግ ነበር።

ከጌታሁንና ከሠራተኞቹ ጋር በጠዋት ደረስን። ጉም ውኃውን ሸፍኖት ወለሉ መድረሻ የሌለው መንገድ መስሏል። ነፋስ የለም፤ ሐይቁ እንደ ዘይት ረግቷል። ከቤቱ በኩል ጀምሬ አዲሱን ሳንቃ በጎራሹ እያሰርሁ ሄድሁ። ግራ ጥጉ ላይ ስደርስ ቪቲው ግማሽ ገብቶ ቆመ። ቀጣዩም አልመጣም።

እንደገና ተጫንሁት። ግማሽ ገባና ቆመ። ከሥር፣ ከውኃው በኩል፣ ኳ አለ።

ሠራተኞቹ ተያዩ። «ትናንትም ሳንቃውን ስናነሣ አንኳኩቷል» አለ አንዱ።

«ማን ነው ያንኳኳው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ። እዚያ ታች ማን ይኖራል?»

ዝናሩን አወጣሁ፤ የሚስበው ጥርስ ደህና ነው። ጫፉን ለወጥሁ። ጥልቀቱን አስተካከልሁ። ሞላውን ፈትቼ ጠረግሁ። ወደ ዳር ወጥቼ ግንድ ላይ ሞከርሁት፤ አንድም ሳይዘል ዝናሩን ጨረሰ። ወደ ጥጉ ተመለስሁ። እምቢ አለ። ኳ።

«ፋዘር፣ ድሪሉ ሙድ እየያዘብዎት ነው» አለ ጌታሁን። «በተራው ድሪል እንሰረውና እንገላገል።»

ወይዘሮ ስንዱ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «አያ ዳምጤ፣ ያረጀው ድሪሉ ነው ወይስ እርስዎ?» አሉ።

ይህን ሰምቼ እንዴት ልተወው? በተራ ድሪልማ ይታሰር ነበር። ተራ ድሪል አፈሙዝ የለውም፤ ከፊቱ ያለው ቢሸሽም አይነግራችሁም። ጎራሹ ግን አፈሙዙ ሙሉ ካልገባ አይጎርስም፤ ሙሉ የሚገባው ደግሞ የሚገፋው ነገር ሲመክትለት ነው።

«ስጫን የሚሸሽ ነገር አለ» አልሁ። አንዱ ሠራተኛ አማተበ።

ብርጭቆ ውኃ አስመጥቼ ጥጉ ላይ አስቀመጥሁ። እግሬን በደህናው ሳንቃ ላይ ተክዬ አፈሙዙን ጥጉ ላይ ተጫንሁት። ውኃው በአንድ ወገን ፈሰሰ። ከሥር ኳ አለ።

ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ጀልባ ሠሪ የሆነው ሰዒድ ዳር ላይ ጀልባ ሲጠግን ነበርና ጠራሁት። በታንኳ ወለሉ ሥር ገባ። ጉሙ ዋጠው። የመቅዘፊያው ድምፅ ቆመ። ጌታሁን «ሰዒድ!» ብሎ ተጣራ። ከዚያ ልክ ከጫማዬ ሥር፣ ከሳንቃው ማዶ፣ በቀስታ፣ «አያ ዳምጤ፣ እግርዎን ያንሡ» አለ።

አነሣሁ። ሁላችንም ወደ ቤቱ በኩል አፈገፈግን።

«ምን አየህ?»

«የዚህ ጥግ ምሰሶዎች እግር የላቸውም። ውኃው በልቷቸው መሬት አይነኩም። ወለሉን አልተሸከሙትም፤ ወለሉ ነው አንጠልጥሎ የያዛቸው።»

«የሚያንኳኳውስ?»

«ወለሉ ሲነቃነቅ እርስ በርስ እየተጋጩ ነው።»

ወይዘሮ ስንዱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጄን እዚያ ላይ ላስቀምጣት ነበር» አሉ። ጌታሁንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ዳምጤ እንጂ ፋዘር ብሎኝ አያውቅም።

ጥጉን አፈረስነው። ሰዒድ ምሰሶዎቹን በገመድ ጎትቶ ዳር ላይ አጋደማቸው። ጫፋቸው እንደተሳለ እርሳስ ሾሏል። የሙሽሮቹን ወንበር ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር አደረግነው።

እሑድ እኔም ሰዒድም ተጠራን። በር አጠገብ ተቀምጠን ነበር። ዘፈኑ ለትንፋሽ ያህል ሲያቋርጥ፣ ምንም ከሌለበት ከግራ ጥጉ፣ ኳ አለ። ምሰሶዎቹ እፊታችን ዳር ላይ ተጋድመዋል። ሐይቁ ረግቷል። ሰዒድ ሰምቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ስለ ጎራሽ የማላውቀው የለም፤ ይህን ግን አላውቀውም።

ጎራሹ አልጎርስ ሲላችሁ ጥርሱን፣ ጫፉን፣ ሞላውን፣ አቧራውን እዩ። ሁሉም ደህና ከሆነ ችግሩ ከፊቱ ያለው ነገር ነው። በተራ ድሪል አትለፉት። ከዚያ ላይ ውረዱና ሥሩን እዩ።